ጅማ ላይ ቤትን ለክፉ ቀን ማሰናዳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ክፉ ቀን» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ትልቅ ነገር ነው፤ ጦርነት፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ወረርሽኝ። ቤታችንን ቶሎ ቶሎ የሚፈትነው ግን ሌላ ነው። ቧንቧው ለቀናት ጭጭ ይላል። ሊጡ ተቦክቶ ምጣዱ ሊሰካ ሲል መብራት ይጠፋል። ኔትወርክ ይሄድና ኪስ ውስጥ የታክሲ ብር ብቻ ይቀራል። ሌሊት ልጅ ያተኩሰዋል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች በአብዛኛው ስለነዚህ ናቸው። መልሶቹም ጅማ ለሚኖር ሰው የተጻፉ ስለሆኑ ዝናቡን፣ እርጥበቱን፣ ጓሮውንና ዕድሩን ያስባሉ።

ገንዘብ የለኝም። ከየት ልጀምር?

ከማይከፈልበት ጀምሩ። ያሏችሁን ጀሪካኖች አጥባችሁ ሙሉ። የዘመድ፣ የጎረቤትና የጤና ጣቢያ ስልክ ቁጥሮችን በወረቀት ጽፋችሁ በር ጀርባ ለጥፉ። ቆጣሪው ላይ ያለው ማጥፊያ የት እንዳለና እንዴት እንደሚጠፋ ለቤቱ ሰው ሁሉ አሳዩ፤ ለልጆቹም፣ ለሠራተኛዋም። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ምሽት ያልቃሉ።

የቀረው ቀስ እያለ የሚሞላ ነው። አስቤዛ ስትወጡ ሁለት ኪሎ ሽሮ የምትገዙ ከሆነ ሁለት ተኩል አድርጉት። አንድ ክብሪት ከሆነ ሁለት። መለኪያው ይህ ነው፦ ቤታችሁ ያለ ቧንቧ፣ ያለ መብራትና ያለ ሱቅ ሦስት ቀን ይቆያል? ሦስቱን ቀን ከቻለ ወደ ሳምንት አሳድጉት። ከዚያ በላይ ከተማ ውስጥ ለሚኖር ሰው ብዙ ጊዜ አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ዋጋ ሊጨምር ነው ሲባል ዘይት በካርቶን የሚያስጭን ሰው ግን ተዘጋጀ አይባልም። የጎረቤቱን ድርሻ ነው የወሰደው። መዘጋጀት በደህና ቀን የሚሠራ ሥራ ነው።

ውሃ ስንት ይበቃል?

ለመጠጥና ለማብሰል ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያዙ። አምስት ሰው ላለበት ቤት ለሦስት ቀን 60 ሊትር ማለት ነው፤ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ለዕቃ፣ ለልብስና ለመጸዳጃ ቤት የሚሆነው ለብቻው ይታሰባል። እሱ የዝናብ ውሃም ቢሆን ችግር የለውም።

ጀሪካኑ ቀድሞ ምን እንደያዘ ማወቅ አለባችሁ። የምግብ ዘይት የነበረበት በደንብ ከታጠበ ይሆናል። ፀረ ተባይ፣ ነጭ ጋዝ ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት ግን መቶ ጊዜ ቢታጠብ ለመጠጥ አይሆንም። ገበያ ላይ «ያገለገለ» ተብሎ የሚሸጠውን ከመግዛታችሁ በፊት አሽትቱት፤ ከተጠራጠራችሁ ተዉት። ውስጡ አረንጓዴ ካወጣ ጥቂት ጠጠርና የሳሙና ውሃ ጨምራችሁ ናጡት፣ ከዚያ አለቅልቁት።

ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ የሞላ ጀሪካን ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ይቀመጥ፣ ክዳኑም ይዘጋ። ሁለተኛ፣ ከጀሪካን ይቀዳል እንጂ በኩባያ አይጠለቅም። ንጹሕ ውሃ በብዛት የሚበከለው ቤት ከገባ በኋላ ነው፤ በእጅና በኩባያ። በየሁለት ሳምንቱ ያለውን ለልብስ ማጠቢያ ተጠቀሙበትና እንደገና ሙሉት። ሮቶ ያላችሁ ደግሞ ክዳኑን ፈትሹ፤ የተከፈተ ሮቶ የትንኝ መራቢያ ነው።

ጅማ ውስጥ ዝናብ ሞልቷል፣ ጉድጓድም አለን። ለምን እጨነቃለሁ?

የዝናቡ መብዛት እኮ ነው ጣጣው። ክረምት ላይ ውሃ መሬት ውስጥ ሲሰርግ የመጸዳጃ ቤቱን ጉድጓድ ይዞ ወደ ውሃው ጉድጓድ ሊሄድ ይችላል። በሁለቱ መካከል ቢያንስ 30 ሜትር እንዲኖር ይመከራል። ግቢዎቻችን ጠባብ ስለሆኑ ይህ ርቀት በብዙ ቤት አይገኝም። የጎረቤታችሁ መጸዳጃ ቤት ከአጥሩ ወዲያ የት ጋ እንዳለም እዩ፤ ውሃ አጥር አያውቅም። የጉድጓዱ አፍ ከመሬት ከፍ ብሎ በሲሚንቶ ካልተሠራና ክዳን ከሌለው፣ ውሃውን ሳታክሙ አትጠጡ።

ማከሚያው ቀላል ነው። የደፈረሰ ከሆነ መጀመሪያ በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ አጥልሉት። ከዚያ አፍሉት። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃው ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ደጋ የምትኖሩ ሦስት ደቂቃ አድርጉት። ማገዶ ወይም ከሰል ለመቆጠብ ከፈለጋችሁ እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ ግዙ። መጠኑን ዕቃው ላይ ከተጻፈው አንብባችሁ ጨምሩ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁና ጠጡ። የልብስ በረኪናን በግምት መጨመር ግን አልመክርም። ጥንካሬው ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ ሽቶ የተጨመረበትም አለ።

ከቆርቆሮ ጣሪያ የምትቀበሉት ውሃ ጥሩ ነው። ከደረቅ ወቅት በኋላ የሚዘንበውን የመጀመሪያውን ዝናብ ግን አትቅዱ። እሱ ጣሪያውን ያጥባል፤ አቧራውንም፣ የወፍ ኩሱንም ይዞ ይወርዳል።

ምን ዓይነት ምግብ ላስቀምጥ? ፓስታና ሩዝ ይሻላል?

ፓስታና ሩዝ ጥሩ ነው። ግን ሁለቱም ውሃና እሳት ይፈልጋሉ፤ እነዚህ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠፉት ናቸው። ስለዚህ ቢያንስ የሁለት ቀን ምግብ እሳት የማይነካው ይሁን።

በዚህ ነገር አያቶቻችን ቀድመውናል። በሶ በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ በዘይት ወይም በቅቤ ተለውሶ ይበላል። ጭኮን የጅማ ሰው ያውቀዋል፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ስለሚታሽ ውሃ የለውም፣ ቶሎም አይበላሽም። መንገደኛ የሚሰነቀውም ለዚሁ ነው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ቴምር፣ ማር ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ማር ግን አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም። ድርቆሽ ለማዘጋጀት የምታስቡ ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ፀሐይ አድርቁት። ክረምት ላይ የደረቀ የሚመስል ድርቆሽ ውስጡ እርጥብ ነው፤ ከሳምንት በኋላ ይሻግታል።

የጅማ ትልቁ ጠላት እርጥበት ነው። ነቀዝ ሁለተኛ ይመጣል። በቆሎ ከመከተታችሁ በፊት አንዱን ፍሬ ንከሱት፤ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ አልደረቀም። ከረጢቱን ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጡ። በእንጨት ርብራብ ላይ አድርጉት፣ ከግድግዳም አርቁት። ባለ ሦስት ሽፋኑን የእህል ማስቀመጫ ከረጢት ካገኛችሁ ዋጋው ያዋጣል፤ አፉ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፣ መድኃኒትም አያስፈልግም።

የሻገተ እህልን አጥቦ ወይም ለቅሞ መብላት አይሠራም። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ በማብሰል አይጠፋም፣ ጉበትም ይጎዳል። «ለከብት ይሁን» ማለትም አያዋጣም። ላሟ ከበላችው በወተቷ ተመልሶ ይመጣል።

ስለ ነቀዝ ኪኒን ደግሞ ጠንከር ብዬ ልናገር። ያ ኪኒን እርጥበት ሲያገኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ያለ እህል ላይ አትጨምሩ። «ሁልጊዜ እናደርገዋለን፣ ምንም አልሆንም» የሚለው ዕድለኛ ስለሆነ ነው።

ጓሮ አለኝ። ምን ብተክል ይጠቅመኛል?

ይህ የጅማ ሰው ትልቁ ሀብቱ ነው። ሌላ ከተማ ያለ ሰው ለክፉ ቀን የሚገዛውን እናንተ ልታበቅሉት ትችላላችሁ። ጎመን በየጊዜው ይቀነጠሳል። ጎደሬና ቦዬ መሬት ውስጥ ሆነው ይጠብቋችኋል፣ ስትፈልጉ ትቆፍራላችሁ። እንሰት ለዓመታት የቆመ ጎተራ ነው፤ ኮጮው ከተብላላ በኋላ ብዙ ወራት ይቆያል። ሙዝና አቮካዶ ካላችሁ ልጆች አይራቡም። ሁለት ሦስት ዶሮ ደግሞ እንቁላሉን ትችላለች። ጎደሬ ግን በደንብ ይቀቀል፤ ጥሬው አፍና ጉሮሮ ያሳክካል።

ጓሮውን በሙሉ ጫት ያለበሰ ሰው አለ። ገቢው እንደሚጥም አውቃለሁ፤ ሰውን በዚህ አልወቅስም። ጫት ረሃብን ያዘገያል እንጂ አያጠግብም። ቢያንስ አንዱን ጥግ ለድስት ተዉለት።

መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ሻማ ከመፈለጋችሁ በፊት ምጣዱንና ምድጃውን ከሶኬት ንቀሉ። ብዙ ቤት የሚቃጠለው መብራት ሲጠፋ ሳይሆን ሲመጣ ነው። እንጀራ እየጋገራችሁ ጠፋ እንበል። ተስፋ ቆርጣችሁ ወጣችሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ መብራት ይመጣል፣ ምጣዱ ባዶ ቤት ውስጥ ይግላል። ፍሪጁንና ቴሌቪዥኑንም ንቀሉ፤ መብራት ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል ዕቃ ያቃጥላል። መመለሱን ለማወቅ አንድ አምፖል ብቻ ክፍት አድርጉና ከበራ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ታግሣችሁ ሰኩ። አንድ ዲቫይደር ላይ ምጣድም ካውያም መሰካት ደግሞ በደህናውም ቀን አይደረግም።

ፍሪጅ ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን 4 ሰዓት ያህል ይይዛል። «እስኪ ቀዝቅዞ እንደሆነ ልይ» እያሉ መክፈት ነው የሚያበላሸው።

ለብርሃን የሶላር አምፖል ምርጫዬ ነው። ክረምት ላይ ፀሐይ ስለሚያንስ በመብራትም የሚሞላውን ዓይነት ፈልጉ። ሻማ ከሆነ የግድ፣ ውሃ ባለበት ሳህን መካከል አቁሙት። ከመጋረጃና ከአጎበር አርቁት፣ ከመተኛታችሁ በፊትም አጥፉት። ፓወር ባንክ ካላችሁ መብራት ባለበት ሌሊት ሁሉ ይሰካ። አለበለዚያ በሚያስፈልግበት ቀን ባዶ ሆኖ ነው የሚገኘው።

ነጭ ጋዝ በለስላሳ ወይም በውሃ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ልጅ የሚያውቀው ጠርሙሱን ነው። ከጠጣ አታስታውኩት፣ ወተትም አታጠጡት፤ ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ቀጥታ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ዝናብና ነፋስ የጣለው የኤሌክትሪክ ሽቦ ካያችሁ፣ ኃይል የለውም ብላችሁ አትገምቱ። አትቅረቡ፣ ሰውም አስጠንቅቁ።

ሌሊት ሲበርድ ከሰል ቤት ውስጥ ማስገባት ምን ችግር አለው?

ይገድላል። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህን ያዙ።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ጉሮሮም አይከረክርም። ሰው «ጭሱ ወጥቷል፣ አሁን ፍም ብቻ ነው» ብሎ ማንደጃውን ያስገባል። ፍሙ ነው አደገኛው። ጋዙ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይመጣል። ተኝቶ የነበረ ሰው ደግሞ የራስ ምታቱንም ሳያውቀው ይሄዳል። «መስኮት ትንሽ ከፍቻለሁ» ማለት ዋስትና አይሆንም። የዳር አገር ዘዴ ነው ተብሎ ፍሙ ላይ ጨው ወይም ሎሚ ማድረግም ጋዙን አያጠፋውም።

ቡና ተፈልቶ ካለቀ ማንደጃው ወደ ደጅ ይውጣ። ክረምት ላይ እንግዳ ሲመጣ «ይሙቀን፣ ትንሽ ይቆይ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ እምቢ በሉ። ብርድ ከሆነ ጋቢ ደርቡ፣ ካልሲ አድርጉ፣ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ አድርጋችሁ ብርድ ልብስ ውስጥ አስገቡ። ከሰል ባለበት ቤት ብዙ ሰው አንድ ላይ ራሱን ካመመው ምግቡን አትጠርጥሩ። በሩን በርግዱ፣ ሁሉም ይውጣ፣ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። የወደቀ ሰው ካለ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ጎትታችሁ አውጡት፤ ውስጥ ቆማችሁ ልትረዱት አትሞክሩ።

የምኖረው አዌቱ አካባቢ ነው። ለጎርፍ እንዴት ልዘጋጅ?

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። አዌቱም እንደዚያ ነው፤ በጋ ላይ ሲያዩት ምን ያመጣል ያስብላል። ከወንዙ ዳር፣ ከቂጦ በኩል ወይም ወደ ቦዬ ረግረግ በሚወስደው ዝቅተኛ ሜዳ ላይ የምትኖሩ ሰኔ ሳይገባ ሥራችሁን ጨርሱ።

መጀመሪያ ደጃችሁ ያለውን ቦይ ጥረጉ። ጎርፍ ብዙ ጊዜ ከወንዝ አይመጣም፤ በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ከተዘጋ ቦይ ነው የሚመጣው። ብቻችሁን ብትጠርጉት ደግሞ ከላይ ያለው ጎረቤት የጣለው ሲወርድ ይዘጋዋል፤ ስለዚህ የሰፈር ሥራ ነው። ቀጥሎ ዕቃ ከፍ ከፍ አድርጉ፦ እህል፣ ሰነድ፣ የኤሌክትሪክ ዲቫይደር። ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አሸዋ ወይም አፈር ሞልታችሁ በር ላይ ብትደረድሩ አነስተኛ ጎርፍ ይመልሳል። ሌሊት ውሃ ቢገባ ወዴት እንደምትወጡ፣ ማን አያትን፣ ማን ሕፃኑን እንደሚይዝ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ውሃ ቤት ከገባ ቆጣሪውን አጥፉ፤ እናንተ ግን ውሃ ውስጥ ቆማችሁ ከሆነ አትንኩት። በሚፈስ ጎርፍ ውስጥ አትሻገሩ። ቁርጭምጭሚት ያለፈ የሚመስል ፈጣን ውሃ አዋቂን ሰው ይጥላል፣ የተከፈተ ቱቦም ከሥሩ አይታይም። ባጃጅ ውስጥ ካላችሁና ሹፌሩ «እናልፋለን» ካለ ውረዱ። ሒሳቡን ከፍላችሁም ቢሆን ውረዱ።

ከጎርፍ በኋላ የነካው ምግብ ይጣል፣ ጉድጓዱም ሳይታከም አይጠጣ። ተቅማጥ የሚመጣው ያኔ ነው።

የመሬት መንሸራተትና መንቀጥቀጥስ?

ተዳፋት ሥር ቤት ያላችሁ ክረምት ላይ ንቁ። መሬቱ ሲሰነጠቅ፣ ዛፍ ወይም የአጥር ቋሚ ሲያጋድል፣ ምንጭ በድንገት ሲደፈርስ ካያችሁ ሌሊቱን ሌላ ቦታ እደሩ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው መንሸራተት ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ የመጀመሪያዎቹን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ፤ መሬቱ ሁለተኛ ጊዜ ወረደባቸው። ሰውን ለማዳን መሮጥ ያባት ነው፣ ግን አንድ ሰው ከላይ ያለውን ገደል እያየ ይቁም።

መንቀጥቀጡን በተመለከተ፣ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የነበረውን ተደጋጋሚ ንዝረት ሁላችንም ሰምተናል። ጅማ ከስምጥ ሸለቆው ወጣ ትላለች። ቢሆንም ማወቅ ያለባችሁ አጭር ነው፦ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፣ ራሳችሁን ሸፍኑ፣ እስኪያቆም ደረጃ ላይ አትሩጡ።

ቤት ውስጥ ምን መድኃኒት ይኑር?

ብዙ አይደለም። ንጹሕ ፋሻና ጎዝ፣ ፕላስተር፣ ጓንት፣ ፓራሲታሞል፣ ቴርሞሜትር፣ ኦአርኤስ (ተቅማጥ ሲይዝ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ዱቄት)። የስኳር፣ የግፊት ወይም የአስም ታማሚ ካለ መድኃኒቱ አልቆ ሳይሆን ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይገዛ። የተረፈ አንቲባዮቲክ አስቀምጦ ለጎረቤት ማካፈል ግን ደግነት አይደለም፤ ጀርሙን ከመድኃኒቱ ጋር ያለማምደዋል።

ኦአርኤስ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ማንኪያው የተስተካከለ እንጂ የተከመረ አይሁን። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ጡትም ምግብም አይከልከል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንት ካቆመ ወይም መጠጣት ካቃተው ወደ ጤና ተቋም ነው።

ትኩሳት ሲመጣ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትቆዩ። ጅማ ዙሪያ ወባ አለ፤ ዝናቡ ሲያባራ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይብሳል። በ24 ሰዓት ውስጥ ደም አስመርምሩ። አጎበር ካላችሁ ለአጥር ወይም ለችግኝ ሳይሆን ለአልጋ ይሁን።

አሁን ወደ ቁስልና ቃጠሎ። ቁስል ላይ የተፈጨ ቡና መነስነስ እዚህ ከተማ የተለመደ ነው። የሚደማ ቁስል የሚፈልገው ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ ጠበቅ አድርጎ መጫን ነው፤ ሳይነሡ፣ በየደቂቃው ሳይገልጡ። ቡናው ለሐኪሙ ማጽዳት ያስቸግራል፣ ጀርምም ይዞ ይገባል። ቃጠሎ ላይ ደግሞ ቅቤም፣ የጥርስ ሳሙናም፣ እንቁላልም አይደረግ። ለ20 ደቂቃ የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ። ዘይት በድስት ውስጥ ከተያያዘ ውሃ አትጨምሩበት፤ ክዳን ድፉበትና እሳቱን አጥፉ። ውሻ ከነከሰ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ እጠቡና በዚያው ቀን ለክትባት ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ከጀመረ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው። የከተማውን የእሳት አደጋና የቅርብ ጤና ጣቢያችሁን ቁጥር ጠይቃችሁ ከሥሩ ጻፉ። መኪና ያለው ጎረቤትም ከዝርዝሩ ይግባ፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው እሱ ነው። የማኅበረሰብ ጤና መድኅን መታወቂያችሁን በየዓመቱ ማሳደስም ከዝግጅቱ አንዱ ነው።

ገንዘቤ ሁሉ ቴሌብርና ባንክ ውስጥ ነው። ይበቃል?

ኔትወርክ እስካለ ድረስ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ *127# ወይም የባንካችሁ አጭር ቁጥር ሊሠራ ይችላል፤ አሠራሩን አሁን ተለማመዱት። ኔትወርኩ ጨርሶ ሲሄድ ግን የሚሠራው ጥሬ ብር ነው። የሦስት ቀን አስቤዛና አንድ የሐኪም ቤት መሄጃ የሚሆን ገንዘብ በዝርዝር ኖቶች ቤት ይኑር። ዝርዝር ያልኩት በምክንያት ነው፤ በእንዲህ ያለ ቀን መልስ የሚሰጥ ባለሱቅ የለም።

መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የቤት ካርታ፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ በአንድ ፕላስቲክ ውስጥ ተደርገው በአንድ ቦታ ይቀመጡ። ፎቶ አንሥታችሁ ሌላ ከተማ ላለ የምታምኑት ዘመድ ላኩ። ያ ዘመድ ሌላም ይጠቅማል፦ ቤተሰቡ ቢበታተን ሁሉም ለእሱ ይደውል። ከተማ ውስጥ መስመር ሲጨናነቅ ወደ ሌላ ከተማ የተሻለ ሊያስገባ ይችላል፤ አጭር መልእክት ደግሞ ከጥሪ በተሻለ ያልፋል።

በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ራዲዮ አትናቁ። ፌስቡክ ላይ የሚዞረው ወሬ ግማሹ የፈጠራ ነው። ከማጋራታችሁ በፊት የጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ራዲዮን ወይም ቀበሌውን ስሙ።

አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። ጓሮ የለኝ፣ ሮቶ የለኝ።

እንግዲያውስ አልጋ ሥር ሁለት ጀሪካን፣ በሶና ቆሎ በባልዲ፣ አንድ የሶላር አምፖል፣ ሰነዶች በአንድ ቦርሳ። የተማሪ ክፍል ውስጥ ይህ ሁሉ ይገባል። የበሩን ቁልፍ ሌሊት ሁሌ አንድ ቦታ አስቀምጡት፤ እሳት ሲነሣ ቁልፍ የሚፈለግበት ጊዜ የለም። መስኮቱ ላይ የማይከፈት ፍርግርግ ካለ አከራዩን አነጋግሩ። ከአከራዩ ጋር የተጣላችሁ ከሆነ ታረቁ፤ ጉድጓዱም ሮቶውም በእሱ እጅ ነው።

ራስን መቻል ከተባለ ዕድር ምን አገባው?

ሁሉን ብቻዬን እችላለሁ የሚል ሰው ጅማ ውስጥ አላየሁም። ዕድራችሁ ድንኳን አለው፣ ትልልቅ ድስት አለው፣ ወንበር አለው፣ የአባላት ዝርዝር አለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በአንድ ጥሩምባ ሰፈሩን የሚያወጣ ሰው አለው። ይህ ሁሉ ለሞት ብቻ ይውላል። ለምን?

በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን አንሡ። ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶች እነማን ናቸው? ጎርፍ ሲመጣ ማን ያንኳኳላቸው? በሰፈሩ ነርስ አለ? የኤሌክትሪክ ባለሙያስ? አልጋ የያዘ ሰው ለማውጣት ቃሬዛ አለ? ከመዋጮው ትንሽ ተቆርጦ አንድ የእሳት ማጥፊያ፣ ጥቂት አካፋና ገመድ ይገዛ። «ዕድር ለቀብር ነው» የሚሉ አባት ይኖራሉ፣ አትከራከሯቸው። «አባቴ፣ ቀብሩ እንዲያንስ ብለን ነው» በሏቸው።

ያዘጋጀሁትን መቼ መቼ ልፈትሽ?

በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል። አንዱ መጋቢት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠና፦ ጣሪያ፣ ቦይ፣ ጉድጓድ፣ የሶላር አምፖል። ሌላው መስከረም ላይ፦ አጎበር፣ የመድኃኒት ቀን፣ የእህል ከረጢት፣ በር ጀርባ ያለው የስልክ ዝርዝር። የቆየውን በሶ ብሉት፣ አዲስ አስፈጩ። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ሆን ብላችሁ ቆጣሪውንና ቧንቧውን ዘግታችሁ ዋሉ። ምን እንደጎደለ ማታ ላይ ልጆቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል፤ ጻፉትና ሰኞ ግዙት።